በእርጥብ ጠፍር የታሰረችው መኪና

ከወልዲያ እስከ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ እስከ ነፋስ መውጫ፣ የመኪና እግር የሚያውቅ እንደ እኔ ያለ ሰው አልተፈጠረም። ተፈጥሮ ከሆነም ገና ጡት አልጣለም። መኪና ሽምሸሃን አልፎ የላሊበላን ዳገት ሲጀምር፣ እኔ ጋራዤ ደጃፍ ቁጭ ብዬ በየትኛው ጎማ በኩል የትኛው ቡሎን እንደላላ በጆሮዬ እለያለሁ። መለኪያ የሚባል ነገር አልነካም፤ ዓይኔ ሜትር ነው፣ አውራ ጣቴ ሚዛን ነው።

ይህን ንግግር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሰለች ተናግሬዋለሁ። ሠርግ ቤት ተናግሬዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተናግሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ንስሐ ልገባ ሄጄ ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ኃጢአትህን ንገረኝ አልኩህ እንጂ ሙያህን መቼ ጠየቅሁህ?» ብለውኛል። ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኩት ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። በማግስቱ አርብ ከሰዓት በኋላ ንግግሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ስሜ አስናቀ ነው። የላሊበላ ከተማ ሰው «አስናቀ ሺህ» ይለኛል፤ አንድ ነገር አይቼ አንድ ብዬ ስለማላወራ ነው። ጅብ ካየሁ መንጋ ነው፤ ጉንፋን ከያዘኝ ቄስ ተጠርቷል። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቀኑ ይመሻል። በዚህ ዓይነት አርባ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ተጎድቼም አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት፣ በሯ ላይ ቁጥር የተለጠፈባት፣ የኋላ ወንበር የሌላት አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ቀኝ እግሯን እያንቋቋች ጋራዤ ገባች። ከመሪው በኩል አንዲት ሱሪ የለበሰች የሃያ ስምንት ዓመት ያህል ወጣት ወረደች። ከጎኗ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቷ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ታቅፈው ወረዱ። እናትየውን ሳይ ክው አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የአያሌው ሚስት። አያሌው የዚህ ከተማ ልጅ ነበር፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ከዓመታት በፊት ገደል ገብቶ የሞተ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ቀረ።

«አንተ አስናቀ! አሁንም ትዋሻለህ?» አሉኝ ጉንጬን እየሳሙ።

«ኧረ እትዬ፣ ትቻለሁ! በቀን ከመቶ አይበልጥም።»

ልጅቷ ቤዛ ትባላለች። የመኪና ውድድር ተወዳዳሪ ናት። ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ፤ መኪናዋን ዞሬ ሳያት ግን ሳቄ ተመለሰ። ውስጧ የብረት ቋሚ ተበይዶባታል፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ እያንዳንዱ ቡሎን በቀለም ምልክት ተደርጎበታል።

«ጋሽ አስናቀ፣ እሑድ ባሕር ዳር ውድድር አለብኝ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነው። እማዬ ስለት ስላለባት ነው በዚህ የመጣነው።»

«ምን ስለት?»

እትዬ ጥሩወርቅ መለሱ። «አምና ተገልብጣ አራት ጊዜ ተንከባለለች። ሳትጫር ወጣች። ያን ጊዜ ለነአኩቶ ለአብ ገዳም ጃንጥላ ይዤ ከላሊበላ በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። አንድ ልጅ እኮ ናት፣ አስናቀ። አባቷን መንገድ በልቶብኛል፤ አደራህን።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀኙ ብራቾ ጎሚኒ አልቋል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ብራቾ ጎማውን ከመኪናው ገላ ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ ነው። ክንዱ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክብ ዓይን አለው፤ ዓይኑ ውስጥ ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ቀለበት ይገባል። ሥራው በጉልበታችን አጥንቶች መካከል እንዳለው ልስልስ ነገር ነው። እሱ ካለቀ ክንዱ ይወዛወዛል፤ ክንዱ ከተወዛወዘ ጎማው ወደፈለገበት ያያል፤ ጎማው ወደፈለገበት ካየ መሪ የያዘው ሰው ተሳፋሪ እንጂ ሹፌር አይደለም።

ቤዛ ከሻንጣዋ አንድ ቀይ ጠንካራ ጎሚኒ አወጣች። የውድድር ነው፤ ጥፍር አይገባውም። «የግራው ተገጥሟል። የቀኙ ብራቾ በግልበጣው ስለተጣመመ ከሌላ ሞዴል ነው የተተካው፤ ዓይኑ ጠበብ ይላል። ስለዚህ ይሄ ትንሽ መቅጠን አለበት። ግን ከዓይኑ በሩብ ሚሊ ያህል ወፈር እንዳለ መቅረት አለበት፤ በሞርሳ ተጨምቆ፣ በግድ ነው መግባት ያለበት። በዚህ ለክተው ያሳሱልኝ» አለችና ካሊፐር ዘረጋችልኝ።

«ልጄ፣ እኔ በካሊፐር?» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «ከወልዲያ እስከ ሰቆጣ...» ብዬ ከላይ ያነበባችሁትን ንግግር አንድ ቃል ሳላጎድል አወረድኩላት። ሳቀች። ካሊፐሩን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እናቷ ፀሐይ ሳይበረታ በእግር መንገዱን ሊጀምሩ ቸኩለው ነበር።

ብቻዬን ስቀር ካሊፐሩን አነሳሁት። እውነቱን ልናገር፤ ማንበብ አልችልም። ሃያ ሁለት ዓመት ጋራዥ ስሠራ ተምሬው አላውቅም። ትልልቁ ቁጥር ይታየኛል፤ ከሥሩ ያሉት ደቃቅ መስመሮች ግን እንደ ጉንዳን ሰልፍ ናቸው። ግዕዝ የማያውቅ ሰው ዳዊት ገልጦ ከንፈሩን እንደሚያንቀሳቅስ ትንሽ አየት አደረግሁትና በአክብሮት መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ የለመድኩትን አደረግሁ። የብራቾውን ዓይን በክር ለካሁ፤ ጎሚኒውን መሰርሰሪያ ላይ አስሬ አሽከረከርኩና በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ጀመርኩ። እሞክራለሁ፣ አይገባም። አሳሳለሁ፣ አይገባም። በዚህ መሀል አንድ አስጎብኚ ወዳጄ መጣና ስለ መኪናዋ ጠየቀኝ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሥራ የለውም፤ ጆሮ ግን አለው። መሰርሰሪያው እየዞረ እኔ እያወራሁ፣ እኔ እያወራሁ መሰርሰሪያው እየዞረ... ወዳጄ ሲሄድ ጎሚኒውን ወደ ዓይኑ ጠጋ ባደርገው በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ወጥቶ መሬት ላይ ጠብ አለ።

ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ጎሚኒ ከአዲስ አበባ ወዲህ አይገኝም። «አበላሽቻለሁ» ብላት ውድድሯ ቀረ ማለት ነው። የእኔም ስም ቀረ ማለት ነው። የትኛው እንደበለጠብኝ አትጠይቁኝ፤ መልሱን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ የገበሬ ልጅ ነኝ። የማረሻው ወገል፣ ያ የብረት ቀለበት፣ ሲላላ አባቴ እርጥብ ጠፍር ጠቅልሎ ያስገባበት ነበር። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረት ይነክሳል። ተነስቼ ከበሮ በቆዳ የሚለጉሙት ጎረቤቴ አባ ወልዱ ቤት ሄድኩ። በሳፋ የተዘፈዘፈ ጠፍር አላቸው።

«አባ፣ አንዲት ስንዝር ጠፍር ይስጡኝ።»

«ለምንህ?»

«ለመኪና ነው።»

«መኪናው ሊዘመርበት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቆርጠው እየሰጡኝ፣ «ዝናብ እንዳያገኘው ብቻ። ውሃ የጠጣ ጠፍር እንኳን ብረት ድምፅም አይይዝ» አሉ።

በግንቦት ፀሐይ ምን ዝናብ አለ ብዬ ሳቅሁ። ጠፍሩን በጎሚኒው ዙሪያ ጠቅልዬ በሞርሳ ጨምቄ ብራቾው ውስጥ አስገባሁት። እስከ ማታ፣ በማግስቱም እስከ ረፋድ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ዳሩን ከርክሜ በጥቁር ግሪስ ቀባሁት። ስገጥመው እንደ ዓለት ነበር።

አርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቤዛ መጣች። መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ የብረት መፈንቀያ ከጎማው ሥር አስገብታ ገፋች፣ ሳበች። ንቅንቅ አላለም።

«ጋሽ አስናቀ፣ አዲስ አበባ ያሉት እንኳ እንዲህ አላጠበቁልኝም! ምን አድርገውበት ነው?»

«የሙያ ምስጢር ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዙ። «እጅህን ይባርከው። ልጄን አደራ ብዬህ ነበር፣ አደራዬን በላህ አልልህም» አሉኝ። ሄዱ። መንገዳቸው በጋሸና፣ በኮን አድርጎ፣ የጨጨሆን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ባሕር ዳር ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ደጃፌ ቁጭ ብዬ ሽሮዬን እየበላሁ ሳለ ከአሸተን ማርያም ተራራ በስተጀርባ አንድ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። መጀመሪያ አላመንኩትም። ደመናው ከእኔ በላይ አልፎ ወደ ጋሸና ተዘረጋ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ ጧ አለ። ሁለት። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም።

እንጀራው ከእጄ ወደቀ።

ለቤዛ ስልክ ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም አለችኝ፣ ያቺ ተቆጥታ የማታውቅ ሴትዮ። ደገምኩ። አይቻልም። ሠለስኩ። በዝናብ ወጥቼ ሮጥኩ፤ ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም ነበር። ገበያው አጠገብ ሰይድ ሞተሩን ላስቲክ ሊያለብስ ሲታገል አገኘሁት። ሰይድ ከአንዲት የቆላ ከተማ የመጣ፣ ሰው በሞተር የሚያመላልስ ወዳጄ ነው። የእኔን ወሬ ሰምቶ ግማሹን የሚያምነኝ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

«ሰይድ፣ ሞተርህን አስነሳ! ወደ ጋሸና!»

«በዚህ ዝናብ? ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?»

«ልጅቷ ቁልፌን ይዛብኝ ሄዳለች።»

«ለቁልፍ? ወላሂ ለሚስትህ እንኳ እንዲህ አትሮጥም!»

ግን አስነሳት።

ከሽምሸሃ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነበር። የኋላ ጎማው እንደ እባብ ይሄዳል። እኔ ከኋላ ሆኜ ትከሻውን ጨምድጄ «ፍጠን!» እላለሁ፤ ወዲያው ገደሉን አይና «ቀስ!» እላለሁ።

«አንዱን ምረጥ!» ብሎ ጮኸብኝ።

«ፍጠን!»

ስልኬን እየደጋገምኩ እሞክራለሁ። ዓይኔ ያለው ጭቃው ላይ ነው። የጎማዋ መስመር ይታየኛል፤ ጠባብ ነው፣ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነበር። ከአንድ ዳገት በኋላ የቀኙ መስመር ቀስ በቀስ ይወላገድ ጀመር፤ የሰከረ ሰው በጣቱ የሳለው ይመስላል። በሆዴ ውስጥ ያ ጠፍር ውሃ ሲጠጣ፣ ሲያብጥ፣ ሲለሰልስ ይታየኛል። ጠፍሩን እኔው የዋጥሁት ያህል።

ዛፍ ሥር ሁለት በሬ ይዘው የተጠለሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን።

«አባቴ፣ ነጭ ትንሽ መኪና አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ቀኝ እግሯን ታነክሳለች» አሉ። ከዚያ አሰብ አድርገው፣ «በቅሎ ብትሆን ኖሮ የሚጭናት አይገኝም» አሉ።

ሰይድ ሞተሩን አጠፋው። ዞሮ አየኝ። ውሃ ከአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«የቁልፍ ጉዳይ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም።»

«እንግዲያስ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ጠፍሩን፣ ክሩን፣ ሁሉንም። ስንት ዓመት ሳስቀው የኖርኩት ሰው ፊቱ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። «ያ አላህ» አለ ቀስ ብሎ። «እናትየዋም አብረዋት አሉ?»

«አሉ።»

ከዚያ በኋላ «ፍጠን» ማለት አላስፈለገኝም።

ከጋሸና በፊት ባለው አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሰይድን «ቁም!» አልኩት። የጎማው መስመር መንገዱን ለቆ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ሄዷል። ከሞተሩ ዘልዬ ወረድኩ። በአራት እግሬ ወደ ጫፉ ሄድኩ። ወደ ታች ለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሰው ለማየት ዓይኑን የሚጨፍነው በዚያ ዓይነት ቀን ነው። ስገልጠው ታች ጉም ብቻ ነው።

«አስናቀ!» አለ ሰይድ። «እዚህ ተመለሰች! እየው!»

ከጫፉ አንድ ክንድ ሲቀር መስመሩ ተጠምዝዞ ወደ መንገዱ ተመልሷል። ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሰይድ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። «አብሽር! ይቺ ልጅ እጅ አላት። ተነስ፣ አስፋልት ላይ ሳትወጣ እንድረስባት።»

አልደረስንባትም። ጋሸና ስንገባ ወደ ኮን አልፋለች አሉን። አስፋልቱን ሳይ ይበልጥ ፈራሁ። በጭቃው ቀስ ብላ ሄዳ ይሆናል፤ በአስፋልት ግን ተወዳዳሪ ናት። ቀጥሎ ደግሞ ጨጨሆ አለ።

ኮን ስንደርስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት እየተጠጋ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል። ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነጯ መኪና ቆማለች። እትዬ ጥሩወርቅ ሻይ ይዘው በረንዳው ላይ፣ ቤዛ ጎንበስ ብላ ጎማ እየነፋች።

የቤዛ ፊት በራ። «ጋሽ አስናቀ! ምን እግር ጣለዎት? መሪው ወደ ቀኝ ይስብብኛል፤ ጎማው ነፋስ ቢያንሰው ነው መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ አንድ መውጫ ነበረኝ። «እስቲ ልየው» ብዬ ሥር ገብቼ፣ ጠፍሩን በስውር አውጥቼ፣ «መንገዱ ሰብሮታል» ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። አፌን ስከፍት የትኛው እንደሚወጣ እኔም አላወቅሁም።

«ጎማው አይደለም» አልኩ። «ጎሚኒውን አበላሽቼው በጠፍር ጠቅልዬ ነው የገጠምኩት። ዝናቡ አርሶታል። አትንጂ።»

ከዚያ የሻይ ቤቱ በረንዳ በሳቅ ፈረሰ።

«አስናቀ ሺህ እኮ ነው!» አለ አንድ የሚያውቀኝ የኮን ነጋዴ። «መኪና በጠፍር! ቀጥሎ በልጓም ነው የምትነዳው ይለናል!»

«ሞተሩንም በገለባ ነው የሞላሁት በል!» አለ ሌላው።

እትዬ ጥሩወርቅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄን ሊነግረን ነው በዝናብ የመጣ? ኧረ አንተ ሰው፣ እድሜ አላስተማረህም!»

«እትዬ፣ በነአኩቶ ለአብ እውነቴን ነው!»

«ወላሂ እውነቱን ነው!» አለ ሰይድ።

«አንተንም ይዞህ የመጣው ለምስክርነት ነዋ!» አለ ነጋዴው፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እኔ ጮህኩ፣ ማልኩ፣ ደረቴን መታሁ። በማልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። ዕድሜ ልኬን በውሸት ያሳቅሁት ሕዝብ በእውነቴም ሳቀ።

ቤዛ ፈገግ ብላ የጎማ መንፊያውን መኪናው ውስጥ ወረወረች። «ጋሽ አስናቀ፣ ሌላ ቀን ብንስቅበት ይሻላል። ጨጨሆን በቀን ማለፍ አለብኝ። እማዬ፣ ግቢ» አለችና መሪው ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ወደ ፊት ፈንጠር አለች። እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ፤ በቅጽበት ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ፤ የፊት መከላከያዋ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ።

ሴቶች ጮኹ። ቤዛ በሩን በርግዳ ወጣች። «አብደዋል እንዴ!»

ከተኛሁበት ቀና ብዬ ወደ መኪናዋ ሆድ አየሁ። ከቀኙ ብራቾ ዓይን አንድ ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ እንደ ጨጓራ የነጣ፣ የሚያንጠባጥብ። እኔ ጣቴን ሳልቀስር አንድ ቢጫ የኮን ውሻ ከሻይ ቤቱ ጓሮ አፍንጫውን እየነፋ መጣ። በእኔ ላይ ተራምዶ ሥር ገባና ጫፉን ነክሶ ሳበ። ወጣለት። አንድ ስንዝር ሙሉ፣ ግሪስና ጭቃ የተቀባ የበሬ ቆዳ አንጠልጥሎ በሕዝቡ መሀል ሮጠ።

ያን ጊዜ የሳቀ ሰው የለም።

ቤዛ መፈንቀያውን አምጥታ ከጎማው ሥር አስገብታ ገፋች። ጎማው ቋ ብሎ ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ እንደ ወለቀ ቁርጭምጭሚት። አንዴ ብቻ ነው የገፋችው። መፈንቀያውን አስቀመጠችና እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

እትዬ ጥሩወርቅ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም። የሻይ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«አስናቀ» አሉ፣ «አያሌውን ከገደል ካወጡት ሰዎች መሀል አንተ አልነበርክም እንዴ?»

ነበርኩ። እግሩ በኩል የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ቤዛ ጠየቀችኝ። «ካሊፐር ትቼልዎት ነበር። ለምን አልለኩበትም?»

በረንዳው ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። «ማንበብ አልችልም» አልኩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

ቅዳሜ ብራቾውን ፈትቼ፣ ከሰይድ ጋር በሞተር ወልዲያ ሄድኩ። ቶርኖ ቤት ያለ ሰው ከጠንካራ ፕላስቲክ አዲስ ጎሚኒ ቀረጸልን። እሑድ ረፋድ ኮን ተመለስን። ቤዛ መኪናዋ ላይ ተደግፋ ትጠብቀኛለች፤ ካሊፐሩ በእጇ ነው።

«ጎሚኒውን ይለኩ» አለችኝ።

«አንቺ ለኪው እንጂ።»

«እርስዎ ይለኩ። ዋናውን መስመር መጀመሪያ ያንብቡ። አሁን ከታች ካሉት ውስጥ ከላይኛው ጋር ቀጥ ያለውን ይፈልጉ። እሱ ነው ሽርፍራፊው።»

ጉንዳኖቹ ላይ አፈጠጥኩ። ከሁሉም መሀል አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ከላይኛው መስመር ጋር ተገጣጥሞ ቆሟል። ቁጥሩን ተናገርኩ። «ልክ ነው» አለች። የዓይኑን ለካሁ፣ አንዱን ከሌላው ቀነስኩ። ሩብ ሚሊ። ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካሰርነው የውሰት ሞርሳ ጋር እየታገልኩ ጨምቄ አስገባሁት። ቤዛ አልተደሰተችም፣ አልተቆጣችም። በዚያች ሰዓት ባሕር ዳር ላይ ሌሎች መኪኖች መነሻው መስመር ላይ እንደተሰለፉ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሰዓቷን አይታ ክንዷን በእጅጌዋ ሸፈነችው።

ሥራው ሲያልቅ በራሷ እጅ ፈተነችው። ከዚያ ካሊፐሩን ልተውልዎት ትለኛለች ብዬ ትንሽ ጓጓሁ። ጠርጋ ወደ ሻንጣዋ ከተተችው። «የራስዎን ይግዙ» አለችኝ። እትዬ ጥሩወርቅ በመስኮት እጃቸውን አወጡ፤ ጉንጬን አልሳሙም፣ ትከሻዬን ግን ነካ አደረጉ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ልመክራችሁ አይደለም፤ እኔን ማን መካሪ አደረገኝ? ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ቀልድ ማንንም አይጎዳም እል ነበር። አሁን የማውቀው ሰው የሚያምነኝ በልኬ መሆኑን ነው፤ ልኬን ደግሞ ለዓመታት በክር ስለካው ኖሬያለሁ። ካሊፐር ገዝቻለሁ። ደንበኛው እያየ እለካለሁ፤ ሲጠፋኝ «ቆይ ጠፋኝ» እላለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያፍሩብኝ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። ማጋነኑን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ከላይ ሽማግሌው ገበሬ ሁለት በሬ ይዘው ነበር ብያለሁ፤ አንድ ነበር።

ኮን ላይ ግን ወሬው ሌላ መልክ ይዟል። ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ሰው ይነሳልኛል፤ ሻይ ይጋብዘኛል። «ለአያሌው ልጅ ሲል መኪና ፊት ራሱን የጣለ ሰው» ይሉኛል። አንድ ቄስ በስብከታቸው እንደ ምሳሌ ጠቅሰውኛል ይባላል። እትዬ ጥሩወርቅም ትከሻዬን የነኩት በዚያ ይመስለኛል። ስለዚህ ይህችን ደግሞ ራሴ ልናገር። ራሴን አልጣልኩም። ሞተሩ ሲጮህ ፈርቼ ለመሸሽ ዞርኩ፤ ጭቃው አዳልጦኝ ወደቅሁ።